ፓወር አምፕሊፋየር ለመምረጥ፦ ክላስ ኤ፣ ክላስ ኤቢ፣ ክላስ ዲ ወይስ ቫልቭ?

ከፍተኛ ደረጃ ያለው ፓወር አምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ፣ የድምፅ ሲግናልን አጉልቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ለመግዛት የተነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። መልሱ ያለው ግን ስፒከሩ ላይ ነው። አንድ አምፕ በአንዱ ስፒከር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ በሌላው ላይ ሲገጠም ባሱ ይላላል፣ ወይም ሙዚቃው ከፍ ሲል መከላከያው እየዘጋ ያስቸግራል። ይህ ሲሆን አምፑ ተበላሽቶ ሳይሆን የተሰጠው ጭነት ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስፒከሩንና ክፍሉን እንለካለን፤ የአምፕ ዓይነቶችን የምንመዝነው ከዚያ በኋላ ነው።

ፓወር አምፕ ብዙውን ጊዜ የራሱ ቮልዩም የለውም። ከፊቱ ፕሪአምፕ (ቮልዩሙን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ወይም ቮልዩም ያለው ዳክ (ዲጂታል ሙዚቃን ወደ አናሎግ የሚቀይር መሣሪያ) ያስፈልገዋል፤ በጀት ሲያወጡ ይህንንም አብረው ይቁጠሩ።

## መለኪያዎቹ

ስንት ዋት ይበቃል? የስፒከር ሴንሲቲቪቲ የሚነገረው 2.83 ቮልት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ በሚያወጣው ዴሲቤል ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት ሲሆን በ4 ኦም ስፒከር ላይ 2 ዋት ነው። ስለዚህ «88 ዴሲቤል» የተባለ የ4 ኦም ስፒከር በ1 ዋት የሚሰጠው 85 ዴሲቤል ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ስፒከሩ 8 ኦም እና 86 ዴሲቤል ነው፤ አድማጩ 3 ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ርቀቱ 9.5 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ስፒከር 3 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፣ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅም በግምት ሌላ 3 ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፒከር 1 ዋት ሲያገኝ ጆሮ ጋ የሚደርሰው 82.5 ዴሲቤል ነው። የከበሮ ምት ወይም የኦርኬስትራ ከፍታ 100 ዴሲቤል እንዲደርስ 17.5 ዴሲቤል ይጎድላል፤ ይህም 56 ዋት ነው። 105 ዴሲቤል ከፈለጉ 178 ዋት ያስፈልጋል። ስፒከሩ 92 ዴሲቤል ቢሆን ኖሮ ለዚሁ ሥራ 14 እና 45 ዋት ይበቁ ነበር።

ከዚህ ሂሳብ ሁለት ነገር ይገኛል። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከ100 ወደ 150 ዋት ለመሄድ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ 1.8 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ በ6 ዴሲቤል ሲለያይ የሚፈለገው ዋት አራት እጥፍ ይለያያል።

ስፒከሩ ምን ያህል ከባድ ጭነት ነው? ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ገዢዎች በብዛት የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። ስፒከር ላይ የተጻፈው «8 ኦም» ስያሜ እንጂ ቋሚ ቁጥር አይደለም። ኢምፒዳንሱ (ለከረንት የሚያሳየው፣ በኦም የሚለካ ተቃውሞ) ከባስ እስከ ትሬብል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንድ ቦታ 20 ኦም ደርሶ ሌላ ቦታ 3 ኦም የሚወርድ ብዙ ነው። አይኢሲ 60268-5 የተባለው ደረጃ ዝቅተኛው ነጥብ ከስያሜው 80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ያዛል፤ ለ8 ኦም ስፒከር 6.4 ኦም ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ይህን አይጠብቁም። ስለዚህ ስያሜውን ትተው በገለልተኛ ወገን የተለካውን የኢምፒዳንስ ከርቭ ይፈልጉ።

ዝቅተኛው ነጥብ ብቻውን አይበቃም፤ የፌዝ አንግሉም ይታያል። ስፒከር ካፓሲተርና ኮይል ስላለበት ከረንቱ ከቮልቴጁ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የአምፑ ትራንዚስተሮች ቮልቴጅ ተሸክመው ሳለ ብዙ ከረንት ያሳልፋሉ፤ የሚያግላቸው ይህ ነው። 4 ኦም ሆኖ ፌዙ 45 ዲግሪ የሆነ ነጥብ በክላስ ኤቢ አምፕ ትራንዚስተሮች ላይ የሚፈጥረው የቅጽበት ሙቀት 1.4 ኦም የሆነ ሬዚስተር ከሚፈጥረው ጋር እኩል ነው። የኢምፒዳንሱ መውረጃ ከ60 እስከ 150 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነና ፌዙም እዚያው ከሰፋ ስፒከሩን ከባድ ብለው ይመዝግቡት፤ የሙዚቃ ጉልበት የሚበዛው በዚያ ክልል ነውና።

የአምፑ አቅም የሚታወቀው በ8፣ በ4 እና በ2 ኦም የሚሰጠው ዋት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። 100፣ 200፣ 400 ብሎ የሚሄድ አምፕ የኃይል ምንጩ የማይላላ ነው። 100 እና 130 ብሎ ስለ 2 ኦም ዝም ያለ ግን በከባድ ስፒከር ላይ ቶሎ ይደክማል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንዳንድ አምራች እጥፍ መሆኑን ለማሳየት ሲል የ8 ኦሙን ቁጥር ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፤ የተለካውን ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ደንብ ዋት ሲነገር የጭነቱ ኦም፣ የፍሪኩዌንሲ ክልሉና የድምፅ መዛባቱ አብረው እንዲነገሩ አዟል። እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት የዋት ቁጥር ለማወዳደር አይጠቅምም።

የውጤት ኢምፒዳንስና ዳምፒንግ ፋክተር። ዳምፒንግ ፋክተር 8 ኦም ለአምፑ የውጤት ኢምፒዳንስ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። 500 ማለት 0.016 ኦም ነው። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ 5 ሜትር ሲዘረጋ ደርሶ መልሱ 0.07 ኦም ያህል ይጨምራል፤ ያ 500 የተባለው ስፒከሩ ጋ ሲደርስ 93 ሆኗል። ከ100 በላይ ባሉ ቁጥሮች መካከል ለሚታይ ልዩነት ገንዘብ መጨመር አያዋጣም። ከ10 በታች ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቫልቭ ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

ጌይንና የግቤት ኢምፒዳንስ። የተለመደው ጌይን (አምፑ የገባለትን ቮልቴጅ የሚያበዛበት መጠን) ከ26 እስከ 29 ዴሲቤል ነው። 26 ዴሲቤል 20 እጥፍ ማለት ስለሆነ ከዳክ 2 ቮልት ሲገባለት አምፑ 40 ቮልት ያወጣል፤ በ8 ኦም 200 ዋት ነው። በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር ማገናኛ) 4 ቮልት የሚሰጥ ዳክ ከ29 ዴሲቤል ጌይን ጋር ሲገናኝ ቮልዩሙ ገና ከታች ሳለ ድምፁ ይበዛል፣ ከፕሪአምፑ የሚመጣው ሽሽታም (ሽሽ የሚለው የጀርባ ድምፅ) ይጎላል። ጌይን መቀነሻ ማብሪያ ያለው አምፕ ይህን ይፈታል። የግቤት ኢምፒዳንሱ ቢያንስ የፕሪአምፑ የውጤት ኢምፒዳንስ 10 እጥፍ ይሁን። በተለይ የቫልቭ ፕሪአምፕ ካለዎት 10 ኪሎ ኦም ግቤት ካለው አምፕ ይጠንቀቁ፦ የፕሪአምፑ መውጫ ካፓሲተር 1 ማይክሮፋራድ ከሆነ ባሱ በ16 ሄርዝ ላይ 3 ዴሲቤል ወርዷል፣ መውረድ የሚጀምረውም ከዚያ ከፍ ብሎ ነው። ግቤቱ 47 ኪሎ ኦም ሲሆን ያው ነጥብ ወደ 3.4 ሄርዝ ይወርዳል።

ሽሽታና የድምፅ መዛባት። የሽሽታ ቁጥር ከምን አንጻር እንደተለካ ይመልከቱ። ከ100 ዋት አንጻር 100 ዴሲቤል የተባለው ከ1 ዋት አንጻር 80 ነው። 86 ዴሲቤል በሆነ ስፒከር ምንም አይሰማም፤ 105 ዴሲቤል በሆነ ሆርን (ጥሩንባ መሰል አፍ ያለው ስፒከር) ግን በ1 ሜትር ላይ 25 ዴሲቤል ስለሚሆን ሌሊት ይሰማል። መዛባትን በሙሉ ኃይልና በ1 ኪሎ ሄርዝ ብቻ የሚናገር ወረቀት ብዙ ይደብቃል። በ1 ዋትና በ10 ኪሎ ሄርዝ የተለካውን ይፈልጉ፤ አብዛኛው ሙዚቃ የሚደመጠው ከ1 ዋት ባነሰ አማካይ ኃይል ነው።

የመብራቱ ሁኔታ። ባለ ትልቅ ትራንስፎርመር አምፕ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ምንጩ ቮልቴጅ አያስተካክልም። መብራቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ከፍተኛ ኃይሉ በ19 በመቶ ይወርዳል። ሰፊ ቮልቴጅ የሚቀበል ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ያለው አምፕ በዚህ አይነካም። ቶሮይድ (የቀለበት ቅርጽ ያለው) ትራንስፎርመር ደግሞ መብራቱ ላይ ትንሽ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ከረንት) ሲቀላቀል ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ይጮኻል፤ በግማሽ ኃይል የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ ይህን ከሚያመጡት አንዱ ነው። መፍትሔው የዲሲ ማገጃ ነው።

## ዓይነቶቹ አንድ በአንድ

### ክላስ ኤቢ

ትራንዚስተሮቹ ባያስ በሚባል ትንሽ ከረንት ሁልጊዜ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ድምፁ ሲያድግ ሥራውን ለሁለት ይከፋፈሉታል፦ አንዱ ወገን የሞገዱን ላይኛ ግማሽ፣ ሌላው ታችኛውን ይይዛል። አስቸጋሪው ቦታ ርክክቡ ነው። ባያሱ ዝቅ ካለ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ የሚሻክር መዛባት ይፈጠራል፤ ይህም ጆሮ በቀላሉ የሚለየው ዓይነት ነው። ባያሱ ሲጨምር የመጀመሪያዎቹ ዋቶች በክላስ ኤ ይሄዳሉ፦ 0.5 አምፒር ባያስ በ8 ኦም 4 ዋት ያህል ይሰጣል።

ይህ ዓይነት ለከባድ ስፒከር ዛሬም አስተማማኝ ምርጫ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ትራንስፎርመሩና የትራንዚስተሩ ብዛት ነው። በ8 ኦም 100 ዋት ሊሰጥ የሚችል 28 ቮልት 3 ኦም ላይ ሲያርፍ በጫፉ 13 አምፒር ይጠይቃል። በአንድ ቻናል አንድ ጥንድ ትራንዚስተር ብቻ ያለው አምፕ እዚህ መከላከያው ይቀድመዋል። ለዚህ ጭነት በቻናል ከሦስት ጥንድ ያላነሰ፣ ትራንስፎርመሩም ለሁለቱ ቻናል 600 ቮልት አምፒር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመከራል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ይበልጣል፤ መደርደሪያው ይቻለው እንደሆነ አስቀድመው ይዩ።

ጥገናው ከሁሉም ይቀላል፤ ክፍሎቹ የተለመዱ ናቸው፣ የሚሠራውም ባለሙያ ብዙ ነው።

### ክላስ ኤ

ርክክብ የለም፤ ሁሉም ትራንዚስተር ሁልጊዜ ይሠራል። ዋጋውን የሚከፍሉት በሙቀት ነው። በ8 ኦም 25 ዋት ለማግኘት 1.25 አምፒር ባያስና ወደ 50 ቮልት የሚጠጋ አጠቃላይ ቮልቴጅ ያስፈልጋል፤ በቻናል 62 ዋት፣ ለሁለቱ 125 ዋት ሳይቋረጥ ይቃጠላል፣ ሙዚቃ ባይኖርም። 100 ዋት ክላስ ኤ ከሆነ ለሁለት ቻናል 450 ዋት ያህል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያ በርቶ እንደማደር ማለት ነው።

ሻጮች የማይናገሩት ሌላም አለ። በ8 ኦም 100 ዋት ክላስ ኤ የሆነ አምፕ በ4 ኦም ከክላስ ኤ የሚወጣው 50 ዋት ላይ ነው፤ ባያሱ የሚወስነው ከረንት እንጂ ዋት አይደለምና። ስለዚህ ለከባድ ስፒከር ትልቅ ክላስ ኤ መግዛት የተከፈለበትን ነገር በግማሹ ማጣት ነው። ክላስ ኤ ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው ሴንሲቲቪቲው 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኢምፒዳንሱም ካልዋዠቀ ስፒከር ጋር ነው። እዚያ 25 ዋት ይበቃል፣ ድምፁም እጅግ ንጹሕ ነው።

ሙቀቱ ካፓሲተሮችን ያስረጃል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ከላዩና ከጎኑ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉለት፤ በተዘጋ ካቢኔ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም።

### ክላስ ዲ

ትራንዚስተሮቹ ሙሉ በሙሉ ይከፈታሉ ወይም ይዘጋሉ፤ ይህም በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ በኮይልና በካፓሲተር የተሠራ ፊልተር ሙዚቃውን ብቻ ያሳልፋል። ከሚወስደው ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ስፒከሩ ጋ ስለሚደርስ ትንሽ፣ ቀላልና የማይግል ነው።

የቀድሞዎቹ ንድፎች ፊድባኩን (ስሕተትን ለማረም ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚመለሰውን ሲግናል) የሚወስዱት ከፊልተሩ በፊት ስለነበር ትሬብሉ እንደ ስፒከሩ ይለዋወጥ ነበር። «ክላስ ዲ ደረቅ ነው» የሚለው ወሬ መነሻው አንድም ይህ ነው። ፊድባኩን ከፊልተሩ በኋላ የሚወስዱት የዛሬዎቹ ግን መዛባታቸውም የውጤት ኢምፒዳንሳቸውም እጅግ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው የፍሪኩዌንሲው መልስ በ4 እና በ8 ኦም ላይ በ20 ኪሎ ሄርዝ ምን ያህል ይለያያል የሚለው ነው፤ ከ0.5 ዴሲቤል ካልበለጠ ጥሩ ነው።

ብዙ የክላስ ዲ አምፕ ሻጮች ሞጁሉን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከሃይፔክስ፣ ከፑሪፊ ወይም ከአይስፓወር ይገዙታል። በዋጋ እጅግ የሚራራቁ ሁለት አምፖች ውስጣቸው አንድ ሞጁል ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ለግቤት ቦርዱ፣ ለፓወር ሰፕላዩና ለሳጥኑ ነው። የሞጁሉን ስም ሳይጠይቁ አይግዙ።

ድክመቱ ጥገና ነው፦ ሞጁሉ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ይቀየራል፣ ምርቱ ከቆመ ደግሞ ያስቸግራል። ሌላው፣ ብዙዎቹ በብሪጅ (ሁለት የአምፕ ክፍሎች ስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ የሚነዱበት አሠራር) የተሠሩ ስለሆኑ ጥቁሩ የስፒከር ተርሚናል ግራውንድ አይደለም። ሰብዉፈር በስፒከር ገመድ በኩል ሲያገናኙ ጥቁሩን ከግራውንድ ጋር ካያያዙት ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል።

### ቫልቭ

ቫልቭ በትራንዚስተር ፋንታ የሚሠራ የመስታወት ቱቦ ነው። ባለ አንድ 300ቢ ቫልቭ 8 ዋት ያህል፣ የኢኤል34 ጥንድ 35፣ የኬቲ88 ጥንድ 50 ዋት አካባቢ ይሰጣሉ። ከትራንዚስተር አምፕ የሚለያቸው ቃና በዋናነት የሚመጣው ከውጤት ኢምፒዳንሳቸው ነው። የአምፑ የውጤት ኢምፒዳንስ 2 ኦም ቢሆን፣ ስፒከሩም ከ4 እስከ 20 ኦም ቢዋዥቅ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል 2.7 ዴሲቤል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ በግልጽ የሚሰማ የቃና ለውጥ ነው፤ በአንዱ ስፒከር ያማረው በሌላው ሊበላሽ የሚችለውም በዚህ ነው። ሰምተው ከወደዱት ጥሩ፤ ሳይሰሙ፣ በራስዎ ስፒከር ላይ ሳይሞክሩ ግን ቫልቭ አይግዙ።

የኃይል ቫልቮች በጥቂት ሺህ ሰዓታት ይለወጣሉ። ባያሱ በእጅ የሚስተካከል ከሆነ በየጊዜው መለካት አለበት። ስፒከር ሳይገናኝ ማብራት የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ዲሲ ስላለና አምፑ ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ክዳኑ ያለ ባለሙያ አይከፈትም።

### ክላስ ጂና ክላስ ኤች

ክላስ ኤቢ ሆነው የኃይል ቮልቴጃቸው እንደ ሙዚቃው ከፍ ዝቅ የሚል ናቸው። ብዙ ዋት በመጠነኛ ሙቀት ይሰጣሉ። በክላስ ኤቢ መለኪያዎች ይመዝኗቸው።

## በሠንጠረዥ

| ዓይነት | የተለመደ ኃይል በ8 ኦም | ሙዚቃ ሳይኖር ሙቀት | በከባድ ስፒከር ላይ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|
| ክላስ ኤቢ | 60–300 ዋት | መካከለኛ | ትራንስፎርመሩ ትልቅ ከሆነ በጣም ጥሩ | ቀላል |
| ክላስ ኤ | 10–100 ዋት | እጅግ ከፍተኛ | ከረንቱ ቶሎ ከክላስ ኤ ያስወጣዋል | ቀላል፣ ካፓሲተር ቶሎ ያረጃል |
| ክላስ ዲ | 100–500 ዋት | ዝቅተኛ | ጥሩ፤ የ2 ኦም ገደቡን ይጠይቁ | ሞጁል መለወጥ |
| ቫልቭ | 5–70 ዋት | ከፍተኛ | ደካማ | ቫልቭ መለወጥ፣ ባያስ ማስተካከል |

## ለማን የትኛው?

ስፒከርዎ ከ87 ዴሲቤል በታች ሆኖ ኢምፒዳንሱ ከ4 ኦም በታች የሚወርድ ከሆነ ምርጫው በትልቅ ክላስ ኤቢና በጥሩ ክላስ ዲ መካከል ነው። ቦታ ከጠበበ፣ አምፑ ቀኑን ሙሉ የሚበራ ከሆነ ወይም መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ክላስ ዲ። አምፑን 20 ዓመት ለማቆየትና ሠፈር ባለ ባለሙያ ለማሠራት ካሰቡ ክላስ ኤቢ።

ስፒከርዎ ከ90 ዴሲቤል በላይና ለስላሳ ጭነት ከሆነ፣ ክፍሉም ትንሽ ከሆነ፣ 25 ዋት ክላስ ኤ ከማንኛውም 300 ዋት አምፕ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም ነው። ከ95 ዴሲቤል በላይ ለሆኑ ሆርኖች ከዋት ይልቅ ሽሽታውን ያስቀድሙ፤ የቫልቭ ፍላጎት ካለም ቦታው እዚህ ነው።

በጀቱ ጠባብ ሲሆን አዲስ ክላስ ዲ ወይም ያገለገለ ክላስ ኤቢ ይሻላል፤ መካከለኛ ሲሆን ጥሩ ስቴሪዮ አምፕ ይግዙና የተረፈውን ስፒከሩ ላይ ያውሉት። በጀቱ ሰፊ ቢሆንም ሁለት ሞኖብሎክ (ባለ አንድ ቻናል አምፕ) ወዲያው አይግዙ። ሞኖብሎክ የሚጠቅመው አምፖቹን ስፒከር አጠገብ አስቀምጦ የስፒከር ገመድ ለማሳጠር ሲፈለግ ወይም ስቴሪዮው በእርግጥ ኃይል ሲያንሰው ነው። ስቴሪዮውን በብሪጅ ማሠራትም ለከባድ ስፒከር አይመከርም፦ እያንዳንዱ ቻናል የስፒከሩን ግማሽ ኢምፒዳንስ ብቻ ያያል፤ 4 ኦሙ 2 ይሆንበታል።

## ከመክፈል በፊት መሞከር

ሁለት አምፖችን ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን ያስተካክሉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። 400 ሄርዝ የሆነ ቶን ያጫውቱና የስፒከሩን ተርሚናል በቴስተር በኤሲ ይለኩ፤ ርካሽ ቴስተሮች ከዚያ በላይ በሆነ ፍሪኩዌንሲ ይሳሳታሉ። አንዱ 2.00 ቮልት ከሆነ ሌላው ከ1.98 እስከ 2.02 ውስጥ ይሁን። ከዚያ የትኛው እንደሚጫወት ሳያዩ ሌላ ሰው ይቀያይርልዎት።

እምምም የሚል ድምፅ ከሰሙ የግቤት ገመዶቹን ይንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ በኤርዝ ሲገናኙ የሚፈጠር ዙር) ነው፤ መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተው ወይም በኤክስኤልአር አገናኝተው ይሞክሩ። የኤርዝ እግሩን መቁረጥ ሰው ይገድላል። ገመዱ ተነቅሎም ከቀጠለ ችግሩ አምፑ ውስጥ ነው።

ያገለገለ ሲሆን አምፑ ለ30 ደቂቃ ይሙቅና ግቤት ሳይኖር በስፒከር ተርሚናሎቹ መካከል ዲሲ ይለኩ። ከ20 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው፤ ከ50 በላይ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ይታይ። ሁለቱ ሂትሲንኮች (ሙቀት የሚያስወጡት ብረቶች) እኩል መሞቅ አለባቸው፤ አንዱ ከቀዘቀዘ ባያሱ ጠፍቷል ወይም ትራንዚስተር ተበላሽቷል። በዝቅተኛ ድምፅ አንዱ ቻናል ደክሞ ቮልዩም ሲጨመር የሚመለስ ከሆነ የስፒከር ሪሌው (አምፑን ከስፒከሩ የሚያገናኘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ኮንታክት ቆሽሿል፤ ይህ ርካሽ ጥገና ስለሆነ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆናል። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የትራንዚስተሮቹን ጽሕፈት ያስተያዩ፦ ከቀሪዎቹ የተለየ ቀለም ወይም ፊደል ያለው ካለ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ምርታቸው የቆመ የሳንከንና የቶሺባ ትራንዚስተሮች ፎርጅድ ገበያውን ስለሞላው ማን እንደቀየረውና ክፍሉ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ አይክፈሉ።